ከማሞግራሙ በኋላ፦ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች በጡት ካንሰር ለምን በብዛት ይሞታሉ? ማኅበረሰቡስ ምን ማድረግ ይችላል?

በየዓመቱ የጡት ካንሰር ግንዛቤ ወር የሆነው ኦክቶበር ሲገባ አሜሪካ ሮዝ ቀለም ትለብሳለች። የስፖርተኞች ካልሲ፣ የእርጎ ክዳን፣ የሕንጻ መብራት ሳይቀር ሮዝ ይሆናል፤ «ተመርመሩ» የሚለው መልእክትም ከየአቅጣጫው ይሰማል። በዚህ ድምቀት ውስጥ ብዙም የማይነገር አንድ ቁጥር አለ። ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙበት መጠን ከነጮቹ በ5 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በበሽታው የሚሞቱበት መጠን ግን 40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ እንደሚያሳየው፣ በ2019 የጡት ካንሰር የሳንባ ካንሰርን አልፎ ጥቁር ሴቶችን በመግደል ከካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል።

ከዚህ በታች የምናየው ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣና በተለያዩ ከተሞች ጎረቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ከበሽታው የዳኑ ሴቶች እንዴት ሊያጠብቡት እንደሞከሩ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሮቹ እንዴት ሊቃረኑ ቻሉ?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የመያዝ መጠን የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ሺህ ሴቶች መካከል ስንቶቹ ላይ በሽታው አዲስ እንደተገኘ የሚያሳየው ቁጥር ነው። የሞት መጠን ደግሞ ከዚያው መቶ ሺህ ውስጥ በበሽታው ስንቶቹ እንደሞቱ ይነግረናል። ብዙ ሰው ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ከፍና ዝቅ የሚሉ ይመስለዋል። ፍቱን ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ነገሩ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ሕክምናው ሲመጣ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

ሁለት ሰፈሮች አሉ እንበል። በአንደኛው በዓመት 100 ጊዜ እሳት ይነሣል፤ በሌላኛው 95 ጊዜ። ይሁንና እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወድሞ የሚገኘው ቤት በሁለተኛው ሰፈር ይበዛል። ይህን ያየ ሰው ስለ ክብሪቱ ብቻ አይጠይቅም። ጭሱ መቼ ታየ፣ የእሳት አደጋ መኪናው በስንት ደቂቃ ደረሰ፣ መንገዱ ያስገባዋል ወይ፣ ቦቴው ውስጥስ ውኃ ነበረ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጥቁር ሴቶችን የጡት ካንሰር ሞት የሚያጠኑ ሰዎችም ቀስ በቀስ ወደዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው የመጡት።

ልዩነቱ ድሮም ነበረ?

አልነበረም፤ የጉዳዩ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የጥቁርና የነጭ አሜሪካውያን ሴቶች የጡት ካንሰር ሞት መጠን ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ተስፋፉ። አንደኛው ማሞግራም ነው፤ ይህም ጡት በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ የሚነሣ ራጅ ሲሆን፣ በእጅ ለመዳሰስ ገና ያልደረሰን ዕጢ ማሳየት ይችላል። ሁለተኛው በ1977 በአሜሪካ የተፈቀደውን ታሞክሲፌንን የመሰሉ፣ ካንሰሩን የሚመግበውን ሆርሞን የሚያግዱ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ ከተስፋፉ በኋላ የነጭ ሴቶች ሞት ከ1990 ገደማ ጀምሮ በግልጽ ማሽቆልቆል ያዘ። የጥቁር ሴቶቹም ሞት ቀንሷል፤ ነገር ግን ዘግይቶና በዝግታ። ሁለቱ መስመሮች በሥዕል ሲታዩ መጀመሪያ እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ይሄዱና ድንገት እንደ መቀስ ይከፈታሉ።

ከአርባ ዓመት በፊት ያልነበረ ልዩነት ዛሬ ካለ፣ መንስኤውን በሰው ደም ውስጥ ብቻ መፈለግ አያስኬድም። የሰው ተፈጥሮ በአንድ ትውልድ አይለወጥም። የተለወጠው ሕክምናው ነው፤ እሱም ሁሉም ዘንድ እኩል አልደረሰም።

ታዲያ ተፈጥሮ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ነው?

አለው፤ መጠኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ሐኪሞች ከዕጢው ናሙና ወስደው ሲመረምሩ በሴሎቹ ላይ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋሉ፦ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እና ኸር ቱ የሚባል ፕሮቲን። እነዚህን በበር ላይ እንዳሉ የቁልፍ ቀዳዳዎች ማየት ይቻላል። ቀዳዳው ካለ፣ ለዚያ የተሠራ ቁልፍ፣ ማለትም መድኃኒት አለ። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ካንሰሩ «ትሪፕል ኔጌቲቭ» ይባላል። ይህ ዓይነቱ ቶሎ የሚያድግ፣ የመድኃኒት አማራጩም የጠበበ ነው፤ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የሚገኘው በነጮቹ ላይ ከሚገኝበት እጥፍ ገደማ ነው። በለጋ ዕድሜ መከሰትም ያዘወትራል።

ነገር ግን ሁለት እውነታዎች «ተፈጥሮ ነው» የሚለውን መልስ ያሳንሱታል። የመጀመሪያው፣ ቀዳዳ ባለው፣ መድኃኒቱም ርካሽና የታወቀ በሆነው የሆርሞን ዓይነት ካንሰር እንኳ ጥቁር ሴቶች በብዛት ይሞታሉ። እንዲያውም በቅርብ ዓመታት የተሠራ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ በዚህ ለመታከም በሚመቸው ዓይነት ያለው የሞት ልዩነት በትሪፕል ኔጌቲቩ ካለው ይሰፋል። ሁለተኛው፣ በ2018 የታተመና ከ65 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን የተመለከተ ሰፊ ጥናት፣ ከሞት ልዩነቱ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ከጤና መድን ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆኑን አግኝቷል። የዕጢው ባሕርይ ድርሻ ከዚያ ያንስ ነበር።

መንገዱ የሚቆረጠው የት ላይ ነው?

ብዙ ዘመቻዎች ችግሩ ሴቶቹ አለመመርመራቸው እንደሆነ አድርገው ይናገራሉ። በእኔ ግምት ይህ ትልቁ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው፤ ምክንያቱም ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ማሞግራም የሚነሡበት መጠን ከነጮቹ አያንስም። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ከማሞግራሙ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው።

መንገዱን በቅርበት ለማየት አንዲት የ46 ዓመት ሴት እናስብ። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው፤ የሚከፈላት በሰዓት ስለሆነ ከሥራ የቀረችበት ሰዓት ከደመወዟ ይቆረጣል። ማሞግራም ከተነሣች ከአሥር ቀን በኋላ «ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል» የሚል ደብዳቤ ይደርሳታል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደነግጥ፣ ከመቶ ተመርማሪዎች አሥር ያህሉ እንዲህ ያለ ጥሪ እንደሚደርሳቸውና አብዛኞቹ ካንሰር እንደማይገኝባቸው ማወቅ ይጠቅማል። ሴትዮዋ ግን ይህን የነገራት የለም። በምሳ ሰዓቷ ስልክ ትደውላለች፤ ሙዚቃ እየሰማች ሃያ ደቂቃ ትጠብቅና ዕረፍቷ ያልቃል። በማግሥቱ ስትደውል ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሆናል። የመጀመሪያው ማሞግራም በሕግ ነጻ ነበር፤ ሁለተኛው ግን፣ ከ2026 በፊት በብዙ መድኖች እንደነበረው፣ «የበሽታ መለያ» ተብሎ ስለሚመዘገብ ከኪሷ ሊያስከፍላት እንደሚችል ትሰማለች። ምስሉ የሚነሣበት ቦታ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስ ነው። ከምስሉ በኋላ ናሙና፣ ከናሙናው በኋላ ውጤት፣ ከውጤቱ በኋላ ወደ ቀዶ ሐኪም የመላኪያ ወረቀት፣ ከዚያ የመድን ድርጅቱ ፈቃድ። እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ሆን ብሎ የበደላት አንድም ሰው የለም፤ ወራቱ ግን ሄደዋል።

ሕክምናው ተጀምሮም መንገዱ አያልቅም። ኬሞቴራፒ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል። የጨረር ሕክምና ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት መመላለስ ይጠይቃል። የሆርሞን ክኒን በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል፤ መገጣጠሚያ የሚያምም፣ እንቅልፍ የሚነሣ ክኒን ነው፤ ዕጢው ወጥቶ «ድኛለሁ» ያለች ሴት በሦስተኛው ዓመት ብታቆመው የሚገርም አይደለም። የማኅበረሰብ ድጋፍ ማለት እንግዲህ በእነዚህ ክፍተቶች ላይ የሚቆም ሰው ማለት ነው።

ቺካጎ ላይ ምን ተገኘ?

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው ቺካጎ ናት። በ1980 በከተማዋ የጥቁርና የነጭ ሴቶች የጡት ካንሰር ሞት እኩል ለእኩል ነበር ማለት ይቻላል። በ2003 የጥቁሮቹ በ68 በመቶ በልጦ ተገኘ። ቁጥሩን ያወጡት የሕዝብ ጤና ተመራማሪዎች ጥናቱን መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም፤ ሐኪሞችን፣ ከበሽታው የዳኑ ሴቶችንና የሰፈር ድርጅቶችን ሰብስበው ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ይህ ግብረ ኃይል ዛሬ ኢኳል ሆፕ በሚባል ስም ይሠራል።

ግብረ ኃይሉ ጣቱን ሴቶቹ ላይ ከመቀሰር ይልቅ ማሽኖቹንና የሚያነቡትን ሰዎች መመርመር ጀመረ። በደቡብና በምዕራብ ቺካጎ፣ ማለትም ጥቁሮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች፣ የማሞግራም ፊልሙን የሚያነቡት ብዙ ጊዜ የጡት ምስል ብቻ የሚያዩ ባለሙያዎች ሳይሆኑ ከጉልበት እስከ ሳንባ ሁሉንም የሚያነቡ ጠቅላላ የራጅ ሐኪሞች ነበሩ። ማሞግራም ማንበብ በነጭ ጉም ውስጥ ነጭ ነጥብ እንደመፈለግ ነው፤ ዓይን የሚለምደው በብዛት በማየት ነው። መሣሪያዎቹም ያረጁ ነበሩ። ስለዚህ «ተመርመሪ» ተብላ የተመረመረችው ሴት፣ ዕጢዋ ሳይታይ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለስ ነበር። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ የማሞግራም ቤቶች ጥራታቸውን እንዲለኩና እንዲያጋሩ ተደረገ፤ ሴቶችን ወደ ተሻለው ቦታ የሚወስዱ መንገድ መሪዎችም ተመደቡ። ብዙ ጥቁር ነዋሪ ያለባቸውን አሥር ከተሞች ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ1999–2005 ወደ 2006–2013 ባለው ጊዜ የጥቁር ሴቶች ሞት በቺካጎ በ14 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ይህም ከአሥሩ ከተሞች ትልቁ ቅነሳ ነው። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የግብረ ኃይሉ ሥራ እንደሆነ ለይቶ መመስከር አስቸጋሪ ነው፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ የማይነቃነቅ ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን ቺካጎ አሳይታለች።

«መንገድ መሪ» የሚባለው ምን ዓይነት ሠራተኛ ነው?

በእንግሊዝኛው «ፔሸንት ናቪጌተር» ይባላል። ሐሳቡ የመጣው ከኒው ዮርክ፣ ከሃርለም ሆስፒታል፣ ከቀዶ ሐኪሙ ሃሮልድ ፍሪማን ነው። ፍሪማን ጥቁርና ድኻ በሚበዛበት በዚያ ሰፈር ሲሠራ፣ ዕጢው ቆዳቸውን ሰንጥቆ ከወጣ በኋላ የሚመጡ ሴቶችን እያየ ቢላው ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳ። ከ1964 እስከ 1986 በሆስፒታሉ ከታከሙ 606 የጡት ካንሰር ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ዘግይተው የመጡ ነበሩ፤ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 39 በመቶ ብቻ ናቸው። ፍሪማን መጀመሪያ ነጻ ምርመራ አስጀመረ፤ በ1990 ደግሞ ምርመራው ችግር ያሳየባትን ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕክምናዋ እስኪያልቅ የሚከታተል ሰው መደበ። ከ1995 እስከ 2000 በታከሙት ላይ የአምስት ዓመቱ ቁጥር ወደ 70 በመቶ ወጣ። በመካከሉ መድኃኒቶችም ስለተሻሻሉ ሁሉንም ለመንገድ መሪው ማሸከም ልክ አይሆንም፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ደረጃ ላይ እያሉ የሚመጡት ሴቶች ከ6 በመቶ ወደ 41 በመቶ መድረሳቸውን መድኃኒት አያመጣውም። ያንን ያመጣው በጊዜ መድረስ ነው።

መንገድ መሪዋ የግድ ነርስ መሆን አይጠበቅባትም፤ ብዙ ጊዜ የዚያው ሰፈር ሰው ናት። ጠዋት የነገን ቀጠሮ ዝርዝር ታያለች፤ ትደውላለች። የምትጠይቀው «ትመጫለሽ ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ልጅሽን ማን ከትምህርት ቤት ያወጣልሻል? በምን ትመጫለሽ? አለቃሽ ፈቅዶልሻል?» ብላ ነው። የታክሲ ኩፖን ታፈላልጋለች፤ የመድን ወረቀቱን አብራ ትሞላለች። ከሐኪሙ ፊት አብራ ትቀመጥና የተነገረውን ትጽፋለች፤ ምክንያቱም «ካንሰር» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የተነገረውን አይሰማም። ኮሪደር ላይ ወጥተው ሁሉንም እንደገና ቀስ ብላ ታስረዳታለች።

ቤተ ክርስቲያንና የፀጉር ቤት እዚህ ውስጥ ምን አገባቸው?

ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ነው። በ1932 በአላባማ ክፍለ ሀገር ተስኪጊ በተባለ ቦታ የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች «እናክማችኋለን» ብሎ ሰብስቦ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ እየከለከላቸው የበሽታውን አካሄድ ሲመለከት ኖረ። ይህ እስከ 1972 ቀጥሏል። የዚያ ትውልድ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ «ይህ አዲስ መድኃኒት በእኔ ላይ ሊሞከር ነው» የሚል ጥርጣሬያቸው ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ከዚህ በተጨማሪ በብዙ ቤት የሚወራ እምነት አለ፦ ዕጢ በቢላ ተከፍቶ አየር ሲነካው ይሰራጫል የሚል። የእኛም ሰው «ቢላ ከነካው አበቃ» ሲል ሰምተናል። እምነቱ የሚመነጨው ከእውነተኛ ትዝታ ነው፤ ዘግይታ የመጣችው አክስት ቀዶ ሕክምና አደረገች፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ ቤተሰቡ ያየው ይህን ቅደም ተከተል ነው። የገደላት መዘግየቱ መሆኑን ግን ማንም አላስረዳቸውም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአርካንሳው የተጀመረው የምስክርነት ፕሮጀክት የተነሣው ለዚህ ነው። ከጡት ካንሰር የዳኑ ጥቁር ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ቆመው በራሳቸው አፍ ይመሰክራሉ። «እኔም ቢላ ነክቶኛል፤ ይኸው ከዓመታት በኋላ ቆሜያለሁ» የምትል ሴት በአካል ስትታይ፣ በራሪ ወረቀት የማይነካውን ፍርሃት ትነካለች። ከምስክርነቱ በኋላ ሌሎች የሠለጠኑ ሴቶች የት እንደሚመረመሩና ማን እንደሚከፍል እዚያው ያስረዳሉ። ያለዚህ ሁለተኛ ክፍል ምስክርነቱ ልብ ይነካና ሰው እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፕሮጀክቱ ኋላ ወደ ብዙ ክፍለ ሀገራት ተስፋፍቷል። በሰሜን ካሮላይና የገጠር ወረዳዎችም ሰው ምክር ሊጠይቃቸው የለመዳቸውን የሰፈር ሴቶች አሠልጥኖ ማሰማራት የምርመራውን ቁጥር ከፍ አድርጓል፤ ጭማሪው ይበልጥ የታየው ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑት ላይ ነው። የፀጉር ቤቶች የተመረጡትም ለዚሁ ነው፤ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ለሰዓታት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ወሬው ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር አይደለም።

በ1994 በሂዩስተን ካረን ኢዩባንክስ ጃክሰን የመሠረቱት ሲስተርስ ኔትዎርክ ከበሽታው የዳኑ ጥቁር ሴቶችን በአገር ደረጃ ያሰባሰበ ማኅበር ነው። እንዲህ ያሉ ማኅበራት የሚሠሩት ሥራ ትንሽ ይመስላል፦ ከኬሞቴራፒ በኋላ ፀጉር ሲረግፍ ለቆዳዋና ለፀጉሯ የሚስማማ ዊግ ማግኘት፣ ክኒኑን ልታቆም ላሰበችው «እኔም እንዲህ አድርጎኝ ነበር፤ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ይቀይርልሻል» ማለት። አምስት ዓመት ክኒን የሚያስውጠው አንዳንዴ ይህ ነው።

ሆስፒታሉስ መለወጥ የለበትም?

እስካሁን ያየነው ብዙው ሴቲቱን ወደ ሆስፒታሉ የሚያመጣ ነው። በግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ነዋሪዎችና ተመራማሪዎች በ2003 የመሠረቱት ኅብረት ግን ጥያቄውን ገልብጦ «እናንተስ በውስጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» አለ። አኪውር የተባለው ጥናታቸው በግሪንስቦሮና በፒትስበርግ የካንሰር ማዕከላት ተካሂዶ፣ የመጀመሪያ ደረጃ የጡትና የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን ተከታተለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ ሕመምተኛዋ ቀጠሮ ስታጓድል ወይም ሕክምናው ሲዘገይ ወዲያው ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚቀበል፣ በጥቁር ሕሙማን ላይ የሚደርሰውን ችግር የተማረ ነርስ አለ፤ ሐኪሞቹም የጥቁርና የነጭ ሕሙማናቸው ውጤት ተለይቶ በየጊዜው ይነገራቸዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ልብ ይሏል። ብዙ ሐኪም «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው» ብሎ ከልቡ ያምናል፤ የራሱ ቁጥር ፊቱ እስኪቀመጥለት ድረስ። ቀደም ሲል ሕክምናቸውን የጨረሱት ከጥቁሮቹ 80 በመቶ ገደማ፣ ከነጮቹ 87 በመቶ ነበሩ። በአዲሱ አሠራር ከጥቁሮቹ 88.4፣ ከነጮቹ 89.5 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ የነጮቹም አልቀነሰም፣ እንዲያውም ተሻሻለ። ለአንዱ የተጠገነ ድልድይ ሌላውንም ያሻግራል።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል?

ይህ ደካማው ጎን ነው። አብዛኞቹ መንገድ መሪዎች ለብዙ ዓመታት የኖሩት በእርዳታ ገንዘብ ነው፤ የሦስት ዓመቱ እርዳታ ሲያልቅ የተዋወቀችው ሴት ትሄዳለች፣ ስልኳም አይነሣም። በ2005 ኮንግረስ ለዚህ ሥራ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን ሜዲኬር ለመንገድ መሪዎች አገልግሎት መክፈል የጀመረው ግን በ2024 ነው። በዚያው ዓመት የመከላከያ ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የአገሪቱ የባለሙያዎች ቡድን ሴቶች ከ40 እስከ 74 ዓመታቸው በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም እንዲነሡ መከረ። ቀድሞ መደበኛው መነሻ 50 ነበር፤ ቶሎ ለሚያዙት ጥቁር ሴቶች ያ አሥር ዓመት ብዙ ነው። መድን ለሌላቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሴቶች ደግሞ በ1990 ሕግ የተቋቋመ የነጻ ምርመራ ፕሮግራም በየክፍለ ሀገሩ አለ። ጎረቤት ሊያጽናና፣ ሊያደርስ፣ ሊያስረዳ ይችላል፤ የ30 ሺህ ዶላር ሒሳብ መክፈል ግን አይችልም። የማኅበረሰብ ድጋፍን የመድን ምትክ አድርጎ ማቅረብ ሸክሙን ድኻው ላይ መልሶ መጫን ነው።

በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንን እንዴት ይመለከታል?

በሆስፒታል መዝገብ ላይ ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የመጣች ኢትዮጵያዊት «ጥቁር» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ትገባለች፤ ሣጥኑ ግን ብዙ የተለያየ ሕዝብ ይይዛል። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ የሌለው ካንሰር በአሜሪካ ከተወለዱትና ከምዕራብ አፍሪካ ከመጡት ሴቶች ሕሙማን 31 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ በመጡት ግን 22 በመቶ ገደማ ነው። በኢትዮጵያም የተሠሩ ጥናቶች አብዛኛው የጡት ካንሰር በሆርሞን መድኃኒት ሊታከም የሚችል ዓይነት መሆኑን ያሳያሉ። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ካንሰሩ የቁልፍ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። በጊዜ ካልተደረሰና ክኒኑ ለዓመታት ካልተዋጠ ግን ቀዳዳው ብቻውን አያድንም።

የእኛ እንቅፋት የሚጀምረው ከስሙ ነው። ነቀርሳን በስሙ መጥራት የማይወድ ቤተሰብ «ያ ክፉ በሽታ» ይላል፤ ለታማሚዋም ሳይነገራት እንዲቆይ ይማጠናል። የአሜሪካ ሐኪም ደግሞ ለሕመምተኛዋ ፊት ለፊት ይነግራል። በመካከሉ የሚያስታርቅ ሰው ከሌለ ሴቲቱ ደንግጣ ቀጠሮ ታቋርጣለች። ጸበል መሄድና ኬሞቴራፒ መውሰድ አይጋጩም፤ የሚጋጨው ጸበሉ እስኪያልቅ ሕክምናው ለወራት ሲራዘም ነው። እድሮቻችንም፣ በዋሽንግተን ያሉትን ጨምሮ፣ ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን እንደሚያበስል፣ ማን አስከሬን እንደሚሸኝ በሥርዓት ይከፋፈላሉ። ፍሪማን በሃርለም የፈጠረው የሥራ ክፍፍል ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው፤ የእኛው የሚሰበሰበው ከሞት በኋላ፣ የእሱ ከናሙናው ውጤት በፊት።

ተጨማሪ ምስል ተብላ የተጠራች እናት፣ እኅት ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል። አንደኛው «ናቪጌተር አላችሁ?» ነው፤ ብዙ የካንሰር ማዕከላት አላቸው፣ ሳይጠየቁ ግን ላይናገሩ ይችላሉ። ሁለተኛው «የአማርኛ አስተርጓሚ ጥሩልን» ነው። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በሕግ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት፤ በስልክም በቪዲዮም ይሆናል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ በሐኪሙና በእናቱ መካከል ቆሞ፣ «ዕጢው ወደ ብብትሽ ተዛምቷል» የሚለውን ቃል በአማርኛ እንዲፈልግ ማንም ሊያስገድደው አይገባም።